ፊደሉ የት ነው ያለው? ከአዋሽ ጣቢያ እስከ ሰመራው ፒዲኤፍ

እስቲ ሰመራ ነን እንበል። ቀትር ላይ ነው፤ ውጭው ይፋጃል፤ ወደ ጂቡቲ የሚወርዱ ከባድ መኪኖች አስፋልቱን ይዘውታል። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ አንዲት ወጣት ፕሮግራመር አዲስ ዌብ አፕሊኬሽን ሠርታ ልትጨርስ ነው። የአፕሊኬሽኑ ሥራ እንዲህ ነው፦ ኮርስ የጨረሰ ሠልጣኝ ስሙን ያስገባል፣ አንድ ቁልፍ ይጫናል፣ ምስክር ወረቀቱ በፒዲኤፍ ይወጣለታል። ወረቀቱ በሁለት ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ ላይኛው ግማሽ አፋርኛ፣ ታችኛው ግማሽ አማርኛ። ስክሪኑ ላይ ሁለቱም አምረው ይታያሉ። «ፒዲኤፍ አውጣ» የሚለውን ስትጫን ግን ጉድ ፈላ። አፋርኛው አንድ ፊደል ሳይጎድልበት ወጥቷል። አማርኛው ከዳር እስከ ዳር ባዶ ሳጥን ሆኗል፦ □□□□ □□□ □□□□□።

የመጀመሪያዋ ሠልጣኝ ከአዋሽ የመጣች ልጅ ናት እንበል። ወረቀቱን ተቀብላ በአማርኛው በኩል ስሟን ትፈልጋለች። የለም። ይህን ይዛ አዲስ አበባ ሥራ ልትጠይቅ ብትሄድ ምን ትባላለች? «ይሄ የማን ነው?» ነው የምትባለው።

ገጹ ያው ነው፣ ፕሮግራሙም ያው ነው። ታዲያ አንዱ ቋንቋ በሰላም አልፎ ሌላው ለምን መንገድ ላይ ቀረ? ያውም የቀረው በማተሚያ ቤት ብዙ ዘመን ያስቆጠረው ፊደል መሆኑ አይገርምም? መልሱን ለማግኘት 500 ዓመት ያህል ወደ ኋላ መሄድ አለብን። አትፍሩ፣ መንገዱ አይረዝምም። ታሪኩን ስትጨርሱ ደግሞ ብልሽቱን እንዴት እንደምታስተካክሉት ታውቃላችሁ፤ ፕሮግራመሯ የምታስተካክላቸው ነገሮች እያንዳንዳቸው ከዚህ ታሪክ የተወረሱ ናቸውና። ለመንገዳችን አንድ ጥያቄ ብቻ እንያዝ፦ ፊደሉ የት ነው ያለው?

ሁለት ዓይነት መልእክት

ከሰመራ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘን ወደ አዋሽ፣ በዘመን ደግሞ መቶ ዓመት ያህል ወደ ኋላ እንመለስ። አዋሽ ሰባት ኪሎን ከተማ ያደረጋት ባቡር ነው። ከጂቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከዚያ የአዋሽን ሸለቆ አቋርጦ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። በዚያ ዘመን መልእክት በሁለት መንገድ ይሄድ ነበር፦ በሽቦና በፖስታ ከረጢት።

በሽቦ የሚሄደው ቴሌግራም ነው። ስልካችሁ ላይ ያለውን ማለቴ አይደለም፤ የጥንቱን ነው። እዚህ ያለው ሠራተኛ ቁልፉን እየመታ ነጥብና ሰረዝ ይልካል፤ እዚያ ያለው ሠራተኛ ምቱን እያዳመጠ በራሱ እጅ፣ በራሱ ወረቀት ላይ ይጽፈዋል። የላኪው የእጅ ጽሑፍ አይደርስም፤ የሚደርሰው ቃሉ ብቻ ነው። ተቀባዩ የማያውቀው ፊደል ከመጣ ደግሞ ምን ይጻፍ? የሞርስ ኮድ ሲፈጠር የታሰበው ለላቲን ፊደል እንደነበር ልብ በሉ።

በፖስታ ከረጢት የሚሄደው ደብዳቤ ግን ሌላ ነው። ቀለሙም፣ የእጅ ጽሑፉም፣ ማኅተሙም አብረው ይጓዛሉ። ከፋቹ ማንም ይሁን፣ የትም ይሁን፣ የሚያየው ያንኑ ላኪው ያሸገውን ነው።

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1989 እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ ሊ ጄኔቫ አጠገብ ባለው የሰርን የምርምር ማዕከል ውስጥ ሆኖ የዌብን ሐሳብ አቀረበ፤ የገጾቹ ቋንቋም ኤችቲኤምኤል ሆነ። ኤችቲኤምኤል ቴሌግራም ነው። «እዚህ ጋ ርዕስ አለ፣ እዚህ ጋ አንቀጽ አለ፣ ቃሉ ይሄ ነው» ብሎ ይልካል፤ የፊደሉን ቅርጽ አብሮ አይልክም። ቅርጹን ከየትም ብሎ የሚያመጣው ተቀባዩ ብራውዘር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1991 ደግሞ ከአዶቢ ኩባንያ መሥራቾች አንዱ የሆነው ጆን ዋርኖክ «ካሜሎት» የተባለ የሥራ ዕቅድ ጻፈ። ሐሳቡ አንድ ሰነድ በየትኛውም ኮምፒውተር ሲከፈት፣ በየትኛውም ማተሚያ ሲታተም መልኩን ሳይለውጥ እንዲወጣ ማድረግ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1993፣ ዕቅዱ ፒዲኤፍ ሆኖ ወጣ። ፒዲኤፍ የታሸገ ደብዳቤ ነው።

እንግዲህ የሰመራዋ ፕሮግራመር የምታደርገው ቴሌግራሙን ወደ ደብዳቤ መለወጥ ነው። ቴሌግራሙን የሚቀበልና በደብዳቤ የሚጽፍ አንድ ጸሐፊ መሃል ላይ አለ ማለት ነው። ያ ጸሐፊ ሰርቨር ይባላል። ስክሪኗ ላይ አማርኛው ያማረው የእሷ ላፕቶፕ የግዕዝ ፊደል ስላለው ነው። ፒዲኤፉን የሚጽፈው ግን ላፕቶፑ አይደለም፤ ሰርቨሩ ነው፤ ሰርቨሩ የግዕዝን ፊደል አይቶት አያውቅም።

ፊደል የሌለው ማተሚያ ቤት

ይህ ችግር ከኮምፒውተር በፊትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1513 ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን ሮም ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ግዕዝ ተምሮ መዝሙረ ዳዊትን በዚያው ከተማ አሳተመ። በግዕዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ እሱ ነው። ከ35 ዓመት በኋላ እዚያው ሮም ውስጥ አባ ተስፋ ጽዮን የሚባሉ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ አዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ።

ሮም ያኔ ማተሚያ ቤት ሞልቷት ነበር። መኪናው አለ፣ ወረቀቱ አለ፣ ቀለሙ አለ። የግዕዝ የብረት ፊደል ግን አልነበረም። ሰው ቁጭ ብሎ «ሀ»ን፣ «ሁ»ን፣ «ሂ»ን አንድ በአንድ ቀርጾ፣ አቅልጦ፣ በብረት ማውጣት ነበረበት። ለላቲን ፊደል ትልቅና ትንሹ ተደምሮ 52 ቅርጽ ያህል ከበቂ በላይ ነው። የእኛ 33 ፊደሎች ግን በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ እነ ሏ፣ ኳ፣ ጓ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ከ270 ያልፋሉ።

አገራችን ውስጥም ነገሩ ያው ነው። ራስ ተፈሪ (በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ) በ1914 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትን ሲያቋቁሙ፣ ፊደል ለቃሚው በየሳጥኑ ከተደረደረው ብረት እየለቀመ ነበር ቃል የሚሠራው። ሳጥኑ ውስጥ የሌለ ፊደል ወረቀቱ ላይ አይወጣም። ፊደሉ የት ነው ያለው? ማተሚያ ቤቱ ሳጥን ውስጥ ነው።

ዛሬ ያንን ሳጥን «ፎንት» እንለዋለን። ፎንት ማለት የፊደሎች ቅርጽ ተስሎ የተቀመጠበት ፋይል ነው። ሰርቨሮች አብዛኛውን ጊዜ ስክሪን የላቸውም፤ ሰው ፊታቸው ተቀምጦ አያነብባቸውም። ስለዚህ ሲዘጋጁ ቦታ ለመቆጠብ ፎንት ሳይጫንባቸው ወይም የላቲኑ ብቻ ተጭኖ ይተዋሉ። መኪናና ወረቀት ያለው፣ የግዕዝ ብረት የሌለው የሮም ማተሚያ ቤት ማለት ናቸው። ያ ባዶ ሳጥን (□) ደግሞ «እዚህ ጋ ፊደል እንዳለ አውቄያለሁ፣ ቅርጹን ግን አላገኘሁትም» የሚል የፕሮግራሙ ኑዛዜ ነው።

ሁለት መቶ ፊደል በሃምሳ ቁልፍ

በ1920ዎቹ ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ሲነሱ የገጠማቸው ፈተና ምን መሰላችሁ? የጽሕፈት መኪና ቁልፎች ሃምሳ አይሞሉም፤ እያንዳንዱ ቁልፍ ሁለት ቅርጽ ቢይዝ እንኳ መቶ አይደርስም። ከ200 በላይ ፊደል የት ይግባ? መፍትሔው ፊደሉን መበታተን ሆነ፦ ዋናው አካል በአንድ ቁልፍ፣ እግሩ ወይም ቀለበቱ በሌላ ቁልፍ። ጸሐፊዋ «ለ»ን መትታ ምልክቱን ስትቀጥልበት «ሉ» ይሆናል። የአባቶቻችንን ቁም ጽሕፈት የለመደ ዓይን መልኩን ባይወደውም ሥራውን ሠርቷል። በኋላ እንደ ኦሊቬቲ ያሉ ኩባንያዎች የአማርኛ መኪና እየሠሩ በየመሥሪያ ቤቱ ገባ።

ከዚህ ዘመን አንድ ትምህርት እንውሰድ። መኪናው የተፈለሰፈው 26 ፊደል ላለው ቋንቋ ነው፤ እኛ ራሳችንን ቆራርጠን ነው የገባንበት። ኮምፒውተሩም ሲመጣ ታሪኩ ተደገመ።

አፋርኛ እንዴት አለፈ?

ወደ ምስክር ወረቀቱ ላይኛው ግማሽ እንመለስ። አፋርኛ ዛሬ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። የአፋር ሊቃውንት በዓረብኛ ፊደል ጽፈውታል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር አፋርኛ አንዱ ነበር፤ ያኔ የተጻፈው በግዕዝ ፊደል ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ደግሞ ዲሚስና ሬዶ የሚባሉ የአፋር ምሁራን ቋንቋቸውን በላቲን የሚጽፉበትን ሥርዓት አዘጋጁ፤ «ቃፋር ፌራ» ይባላል። ዛሬ በክልሉ ትምህርት ቤቶች የሚሠራበት ይኸው ነው።

እነዚህ ሰዎች ያደረጉትን ተመልከቱ። አፋርኛ ላቲን የማያውቃቸው ድምፆች አሉት። ከጉሮሮ የሚወጣውን የ«ዐ» ድምፅ በ«ኪው» ጻፉት፤ የ«ሐ»ን ድምፅ በ«ሲ» ጻፉት፤ ምላስ ወደ ኋላ ታጥፎ የሚወጣውን አንድ ዓይነት የ«ደ» ድምፅ በ«ኤክስ» ጻፉት። ረጅም አናባቢ ሲመጣ ፊደሉን ይደግሙታል። ለእነዚህ ድምፆች ከላይ ነጥብ፣ ከታች ጭራ የተጨመረበት አዲስ ቅርጽ አላስፈለገም። የአፋር ልጅ የቋንቋውን ስም ሲጽፍ በ«ኪው» የሚጀምረው ለዚህ ነው።

አሁን ይህን ከኮምፒውተር ጋር አገናኙት። እ.ኤ.አ. በ1963 አሜሪካ ውስጥ «አስኪ» የሚባል የኮድ ሠንጠረዥ ወጣ። ኮምፒውተር ቁጥር እንጂ ፊደል አያውቅም፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ይሰጠዋል። አስኪ 128 ቦታ ነበረው፤ የእንግሊዝኛ ፊደሎች፣ ቁጥሮችና ነጥቦች ሞሉት። ለግዕዝም፣ ለዓረብኛም፣ ለሂንዲም ቦታ አልነበረም። አፋርኛ ግን በእነዚያው በተራ የላቲን ፊደሎች ስለሚጻፍ ያለ ምንም ተጨማሪ ድካም ገባ። የሰመራው ፒዲኤፍ ላይ አፋርኛው ያለ እንከን የወጣው በዕድል አይደለም፤ የሚፈልገው ሁሉ ኮምፒውተሩ ውስጥ ቀድሞ ስለነበረ ነው።

ይህ አፋርኛን አያሳንሰውም፣ አማርኛንም አያኮራውም። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2012 ዓ.ም. ባጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲ አፋርኛ ከፌዴራል የሥራ ቋንቋዎች አንዱ እንዲሆን ተወስኗል። ስለዚህ ሁለቱ ፊደሎች በአንድ ወረቀት ላይ አብረው የሚወጡበት ጊዜ እየበዛ ነው የሚሄደው። ፕሮግራመሯ አንዱን መርጣ ሌላውን መተው አትችልም።

አንድ ፊደል፣ አንድ ቁጥር

ግዕዝ እንዴት ኮምፒውተር ውስጥ ገባ? እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን፣ ከእነሱም መካከል መሐንዲሱ ፍስሐ አጥላውና የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር አበራ ሞላ፣ በየራሳቸው መንገድ አማርኛን በኮምፒውተር ማስጻፍ ጀመሩ። ቀጥሎም በአገር ውስጥ እንደ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ያሉ ሶፍትዌሮች በየቢሮው ተስፋፉ። ባለውለታዎቻችን ናቸው፤ የአንድ ትውልድ ደብዳቤና መጽሐፍ የተጻፈው በእነሱ ነው።

ግን አንድ ችግር ነበር። በዚያ ዘመን ፎንት ውስጥ ያለው ቦታ ቢበዛ 256 ነው፤ ያውም ሁሉም ክፍት አይደለም። ስለዚህ አንዳንዱ ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፈለው፣ አንዳንዱ እንደ ጽሕፈት መኪናው ቆራርጦ ቀጣጠለው። ሁሉም የየራሱን ሠንጠረዥ አወጣ። በእርግጥ ኮምፒውተሩ ውስጥ የተቀመጠው የላቲን ፊደል ኮድ ነው፤ ፎንቱ የግዕዝ ጭምብል ያጠልቅለታል። ጭምብሉ ያለበት ኮምፒውተር ላይ «ሰላም» ይነበባል። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱት ጭምብሉ ይወልቅና ትርጉም የሌለው የላቲን ዝርክርክ ይወጣል። ወላጆቻችሁን ጠይቋቸው፤ ቢሮ የሠራ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል።

መፍትሔው የመጣው ከዩኒኮድ ነው። የዩኒኮድ ሐሳብ ለዓለም ፊደሎች ሁሉ ለእያንዳንዳቸው የማይጋሩትን ቁጥር መስጠት ነው። ፍስሐ አጥላውንና ዳንኤል ያዕቆብን የመሳሰሉ ሰዎች የግዕዝን ፊደል ለማስገባት ደክመዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ፊደላችን ገባ። «ሀ» ቁጥሩ 4608 ሆነ፤ ሌሎቹ ተከታትለው ተሰለፉ። «ሰመራ» ማለት 4656፣ 4632፣ 4651 ነው። «አዋሽ» ማለት 4768፣ 4811፣ 4669 ነው። እነዚህ ቁጥሮች ቶኪዮም፣ አሳይታም፣ ጎንደርም ያው ናቸው።

ቁጥሩ ደግሞ በሽቦ ሲላክ የሚታሸግበት መንገድ ያስፈልገዋል። ዛሬ በብዛት የምንጠቀምበት ዩቲኤፍ-8 ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ የፈጠሩት ነው። በዩቲኤፍ-8 አንድ ተራ የላቲን ፊደል 1 ባይት፣ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። «ሰመራ» በግዕዝ 3 ፊደል ሆኖ 9 ባይት ነው፤ በላቲን 6 ፊደል ሆኖ 6 ባይት ነው። እዚህም ላይ ልዩነቱን አያችሁት? ማሸጊያው ቢበላሽ ላቲኑ ብዙ ጊዜ ሳይነካ ያልፋል፤ ጉዳቱ የሚደርሰው ግዕዙ ላይ ነው።

ፊደሉን አብሮ መላክ

ቁጥሩ ተገኘ። ቅርጹስ? ፒዲኤፍ ሲወለድ ማንኛውም ማንበቢያ ይዟቸው እንዲመጣ የተወሰኑ 14 መደበኛ ፎንቶች ነበሩት። ከ14ቱ 12ቱ የላቲን ናቸው፤ 2ቱ የምልክት ናቸው። ኤችቲኤምኤልን ወደ ፒዲኤፍ ከሚቀይሩት ፕሮግራሞች አንዳንዶቹ ፎንት ካልነገራችኋቸው እስከ ዛሬ ወደ እነዚህ ይሮጣሉ። ከ30 ዓመት በፊት የተወሰነ ነገር ዛሬ ሰመራ ላይ የአንዲት ልጅን ስም ያጠፋል ማለት ነው።

የፒዲኤፍ ትልቁ ብልሃት ግን ሌላ ነው፤ ፎንቱን ራሱን ሰነዱ ውስጥ ጠቅልሎ መላክ ይችላል። ያውም ሙሉውን ሳይሆን ሰነዱ የተጠቀመባቸውን ፊደሎች ብቻ መርጦ። «ሰመራ» ብቻ የተጻፈበት ፒዲኤፍ የሦስት ፊደል ቅርጽ ይዞ ይሄዳል። ፊደሉ የት ነው ያለው? አሁን ደብዳቤው ውስጥ ነው። ለቤተ መዛግብት ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው «ፒዲኤፍ-ኤ» የተባለው ደረጃ፣ ጽሑፉ የሚታይበት ፎንት ሁሉ ሰነዱ ውስጥ እንዲጠቀለል ግድ ይላል። ከ50 ዓመት በኋላ የሚከፍተው ሰው ያንን ፎንት ከየት ያመጣል?

ከቅርጹ ጋር አንድ ሌላ ነገርም መጓዝ አለበት፤ «ይህ ቅርጽ የየትኛው የዩኒኮድ ቁጥር ነው» የሚል ሠንጠረዥ። እሱ ከጎደለ ፒዲኤፉ ለዓይን ያምራል፤ ኮምፒውተሩ ግን ማንበብ አይችልም። ስም ብትፈልጉበት አያገኝም፤ ኮፒ ብታደርጉት ዝርክርክ ይወጣል፤ ለዓይነ ስውራን የሚያነብ ፕሮግራምም ዲዳ ይሆናል። በድሮዎቹ የጭምብል ፎንቶች የተሠሩ ብዙ የአማርኛ ፒዲኤፎች ዛሬ እንዲህ ናቸው። ይታያሉ፣ አይፈለጉም።

ፕሮግራመሯ ምን ታድርግ?

ታሪኩ እዚህ ደረሰ። አሁን ቢጤ እጃችንን እናንሳ።

አንደኛ፣ ብልሽቱን ትለይ። ሳጥን (□) ከወጣ ቁጥሩ ደህና ነው፣ የጠፋው ቅርጹ ነው፤ ፎንት ሲገባ ይድናል። የጥያቄ ምልክት (????) ከወጣ ግን ነገሩ ይከፋል። ቁጥሩ ራሱ መንገድ ላይ፣ ምናልባትም ዳታቤዙ ውስጥ ሲገባ፣ ጠፍቷል ማለት ነው። ዳታቤዙ ላይ የተቀመጠው የጥያቄ ምልክቱ ከሆነ ምንም ፎንት አይመልሰውም፤ ስሙን ባለቤቷ እንደገና ማስገባት አለባት። ስለዚህ ከፎርሙ እስከ ዳታቤዙ፣ ከዳታቤዙ እስከ ኤችቲኤምኤሉ አናት ድረስ ሁሉም ዩቲኤፍ-8 መሆኑን አስቀድማ ታረጋግጥ።

ሁለተኛ፣ ለማተሚያ ቤቱ ፊደል ትስጠው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ በነጻ የሚገኙ ፎንቶች ናቸው። «ኖቶ» የሚለው ስም ራሱ «ኖ ቶፉ» ከሚለው የመጣ ነው፤ «ቶፉ» ያሏት ያቺን ባዶ ሳጥን ነው፣ ከአኩሪ አተር ከሚሠራው ነጭ ምግብ ጋር አመሳስለዋት። ፎንቱን ሰርቨሩ ላይ መጫን ይቻላል። የተሻለው ግን ፋይሉን አፕሊኬሽኑ ፎልደር ውስጥ አስቀምጦ በገጹ የስታይል ፋይል ማስተዋወቅ ነው፤ ነገ አፕሊኬሽኑ ወደ ሌላ ሰርቨር ቢዛወር ፊደሉ አብሮ ይሄዳል። በየጊዜው ከኢንተርኔት እንዲያመጣ ማድረግ አደጋ አለው፤ ኔትወርኩ በተቋረጠ ቀን ሳጥኑ ይመለሳል። ፕሮግራሙም ፎንቱ ተጭኖ ሳያልቅ ፒዲኤፉን እንዳያወጣ ጠብቅ መባል አለበት።

ሦስተኛ፣ ድምቀቱን ትይ። አንዳንድ ፎንት፣ ለምሳሌ አቢሲኒካ፣ ደማቅ ቅርጽ የለውም። «ርዕሱ ይድመቅ» ስትሉት ፕሮግራሙ ቅርጹን በግምት ያወፍረዋል። በላቲን ብዙም ላይታወቅ ይችላል። የእኛ ፊደል ግን «ሰ»ን ከ«ሱ»፣ «ሱ»ን ከ«ሲ» የሚለየው በትንሽ ጭረት ነው፤ ያ ጭረት ከተዋጠ ስም ይለወጣል። ለርዕስ ደማቅ ቅርጽ ያለውን ኖቶን መጠቀም ይሻላል።

አራተኛ፣ ወረቀቱን ትንገረው። ስክሪን ጠርዝ የለውም፣ ወደ ታች ይወርዳል፤ ወረቀት ግን ያልቃል። በአሁኑ ጊዜ የተለመደው መንገድ ክሮምን ያለ መስኮት ሰርቨር ላይ አስነስቶ ማሳተም ነው፤ ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ2017 መጣ። እንዲህ ያሉት መሣሪያዎች ካልነገራችኋቸው ብዙ ጊዜ የሚመርጡት የአሜሪካኑን የወረቀት መጠን ነው፦ 216 በ279 ሚሊ ሜትር። እኛ አገር ያለው ኤ-4 210 በ297 ነው። ይህ ሲረሳ ማኅተሙና ፊርማው ከቦታቸው ይንሸራተታሉ፣ አንዳንዴም ብቻቸውን ሁለተኛ ገጽ ላይ ይቀራሉ። የጀርባ ቀለምና አርማም «አትም» ካልተባለ ሊቀር ይችላል።

አምስተኛ፣ ስሙን ትፈልገው። ፒዲኤፉ ሲወጣ አይታ «አምሯል» ብላ አትለፍ። ሌላ ኮምፒውተር ላይ፣ ስልክም ላይ ትክፈተው። በመፈለጊያው ውስጥ የሠልጣኟን ስም በአማርኛ ትጻፍ። ከተገኘ ቁጥሩም ቅርጹም ሠንጠረዡም በሰላም ደርሰዋል። ካልተገኘ ሥራው አላለቀም።

ይህ ሁሉ ለአንድ ወረቀት?

አዎ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ለኤሌክትሮኒክ ሰነድ ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። እንግዲህ ፒዲኤፍ የወረቀት ፎቶ ብቻ መሆኑ ቀርቷል፤ የምስክር ወረቀት፣ ደረሰኝ፣ ውል፣ የጭነት ሰነድ ሆኖ ይቆማል። ከአዋሽ እስከ ሰመራ ባለው መንገድ ላይ የሚያልፈው ሰውና ዕቃ ሁሉ ከጎኑ አንድ ሰነድ አለው። ያ ሰነድ ላይ ያለው ስም ሳጥን ከሆነ ባለቤቱ በሕግ ፊት ስም የለውም ማለት ነው።

ታሪኩን መለስ ብላችሁ እዩት። ፊደሉ መጀመሪያ ሮም በብረት ነበር፣ ቀጥሎ ብርሃንና ሰላም ሳጥን ውስጥ ገባ፣ ከዚያ በጽሕፈት መኪና ቁልፍ ተቆራረጠ፣ ከዚያ በላቲን ጀርባ ጭምብል ሆነ፣ በመጨረሻ የራሱን ቁጥር አገኘ። በእያንዳንዱ ደረጃ አዲሱ መሣሪያ የተሠራው ለሌላ ፊደል ነበር፤ በእያንዳንዱ ደረጃ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ «የእኛስ?» ብሎ ጠይቋል። ዲሚስና ሬዶም ለአፋርኛ የጠየቁት ይህንኑ ነው፤ መልሳቸው ሌላ መንገድ ሆነ እንጂ።

ዛሬ ማታ አንድ የአማርኛ ፒዲኤፍ ስልካችሁ ላይ ክፈቱ፤ የትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል፣ የመጽሐፍ ሊሆን ይችላል። ፊታችሁ ያለውን አንድ ቃል በመፈለጊያው ጻፉና ፈልጉ። ካገኘው ፊደሉ ደብዳቤው ውስጥ አለ። ዓይናችሁ እያየው ስልኩ «የለም» ካላችሁ ግን እናንተም የት ላይ እንደቀረ ታውቃላችሁ። ምናልባት ያንን የምታስተካክሉት እናንተ ትሆናላችሁ።